ስለ ተቆፈሩልን ሦስት ጉድጓዶች የቀረበ ምስጋና

ለወርቅ ማዕድን ድርጅቱ ክቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? መኪናዎ በየማለዳው በንጹሕ ውሃ ታጥቦ በደጃችን ሲያልፍ ስለምናይ፣ ደኅና መሆንዎን አንጠራጠርም።

እኔ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ነኝ። ዓምና መሬታችን በድርጅትዎ የማዕድን ይዞታ ውስጥ መግባቱ በተነገረን ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ክቡርነትዎ ሦስት ጉድጓድ እንደሚቆፍሩልን ቃል ሲገቡ፣ ውሃ የጠማው ሕዝብ መዳፉ እስኪቀላ አጨበጨበ፤ እኔም እንደሰማሁት ጻፍኩ፤ ሁሉም ፈረመ። ስለሆነም የሚከተለውን ምስጋና በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ቃልዎን ስለ ጠበቁ። ሦስቱም ተቆፍረዋል። አፋቸው ባልዲ አያስገባም እንጂ ጥልቀታቸው ሦስት መቶ ሜትር ነው። ለወርቅ ምርመራ የወጣው የድንጋይ ናሙናም ቁጥር ተለጥፎበት፣ በሣጥን ተደርድሮ በክብር ተሸኝቷል። «ለሰው ብለህ ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው» የሚለውን ተረት ለቁፋሮ ክፍልዎ የነገረው ያለ አይመስልም።

፪. ማሽንዎ ካጠገቧ ከቆመ ወዲህ አንዲቷ የድሮ የውሃ ጉድጓዳችንም ስለ ደረቀች፣ ገመድ ከመጎተት ስለ ገላገሉን።

፫. አቤት ስንል ቢሮዎ፣ በቃለ ጉባኤው ላይ «ጉድጓድ» እንጂ «የውሃ» የሚል ቃል እንደሌለ ስለ ሰጠን የሰዋስው ትምህርት። እውነት ነው፣ የለም። በሃያ ሁለት ዓመት የጸሐፊነት ዘመኔ፣ ለተጠማ ሰው ከሚቆፈር ጉድጓድ ምን እንደሚወጣ ማብራራት ያስፈልጋል ብዬ አስቤ አላውቅም። አዋላጅ እህቴ ባለፈው ሳምንት መታጠቢያ አጥታ፣ እጇ ላይ ደም እንደ ደረቀ ቤቴ ድረስ መጥታ «ያቺን አንዲት ቃል ብትጨምራት ምን ነበር፣ ወንድሜ?» አለችኝ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም፤ እርስዎ የማያውቁት ስሜት ስለሆነ በዝርዝር አላሰለችዎትም።

ያልታጠበ እጁን ለሰላምታ ለመዘርጋት የማይደፍር፣ ነገር ግን ከወገቡ ዝቅ ብሎ እጅ የሚነሳዎ፣
የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ

ማስታወሻ፦ ሥራዎ እንዲቀጥል የነዋሪው ስምምነት እንደሚያስፈልግ በደብዳቤ ስለ ገለጹልን ትናንት ተሰብስበናል። ቃለ ጉባኤውን አሁንም የያዝኩት እኔ ነኝ። ሕዝቡ ለድርጅትዎ ፈቃድ እንዲሰጠው በሙሉ ድምፅ ወስኗል፤ ከነገ ጀምሮ ዕቃዎን ሸክፈው፣ ሠራተኞችዎን ይዘው፣ አገርዎ ገብተው ማረፍ ይችላሉ። ፈቃዱ ደመወዝ የሌለውና መመለሻ ቀን ያልተቆረጠለት ነው። «የማዕድን» የሚል ቃል እንደሆነ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ የለም።