ራፋኤል ደብል ኤ አልገባም

ታዴ፣ የሳሮን አባት፤

እንዴት ሰነበትክ አልልህም፤ ያለህበት ቦታ ከኔው ይሻላል። አንተ ከተለየኸኝ ይሄ አራተኛው የቤዝቦል ወቅት ነው። ሌላው ሰው ሙት ዓመት ይቆጥራል፣ እኔ ደግሞ አንተ ባስለመድከኝ መቁጠሪያ እቆጥራለሁ። ሚያዝያ ሲገባ የጠዋት ፀሐይ ከመስኮቱ ተነስታ ወንበርህ ድረስ ትመጣለች፤ እኔም ሳላስበው ዛሬ ማን ይወረውር ይሆን እላለሁ። ስለ ኳስ ግድ ያልነበራትን ሴት ምን አድርገሃት እንደሄድክ እይ።

ቤታችን እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እዚያው ሦስተኛ ፎቅ ነው። ምንጣፉን አንስተው እንጨት አነጠፉልን፤ ሻይ የደፋህበት፣ ስንት ዓመት የተጨቃጨቅንበት ቦታም አብሮ ሄደ። ትሠራበት በነበረው የፓርኪንግ ጋራዥ መግቢያ ላይ የነበረችው ጠባብ ክፍልህ ፈርሳ ማሽን ቆሞባታል። ማሽኑ ካርድ ይሰጣል እንጂ እንዴት አደራችሁ አይልም። ሳሮን ኮሌጇን ጨርሳ፣ ሥራ ይዛ ወደ ቤት ተመልሳለች። አሁንም በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፤ ስትናደድ ግን በአማርኛ መናደድ ጀምራለች፣ እሱንም እድገት በለው። እኔ አሁንም ነርሲንግ ሆም አረጋውያን እየተንከባከብኩ እሠራለሁ። ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል፣ ሌላው ደህና ነው።

ይህን ሁሉ የማወራህ ዋናውን ነገር ለማዘግየት ነው፤ ታውቀኛለህ። የበደልኩህ ነገር አለ። ዛሬ የተቀመጥኩት እሱን ልነግርህ ነው።

ናዝሬት የስፖርት አስተማሪ ነበርክ። ዲቪ ደርሶን ስንመጣ አርባን አልፈህ ነበር፤ ቤዝቦልንም ያቺ ጋራዥ ውስጥ በሬዲዮ ለመድከው። ሌላው ሰው ትልልቆቹን ተጫዋቾች ሲያይ አንተ ከሥር ያሉትን ልጆች መከታተል ያዝክ። አልገባኝም ስልህ እንደ ትምህርት ቤት አድርገህ አስረዳኸኝ። ትልቁ ቡድን በሥሩ ትንንሽ ቡድኖች አሉት፤ ልጆቹ ክፍል እንደሚያልፍ ተማሪ ከሲንግል ኤ ወደ ደብል ኤ፣ ከዚያ ወደ ትሪፕል ኤ ያልፋሉ፤ ትልቁ ሜዳ የሚደርሱት ጥቂቶቹ ናቸው። የቀረው አንድ ቀን ጠዋት ቢሮ ይጠራና ይሰናበታል። "የደረሰውንማ ማንም ያየዋል፣ እኔ ገና ያልደረሰውን ነው የማየው" ትል ነበር። በዚያ ዕድሜህ በሰው አገር ከሀ ሁ የጀመርክ ሰው ስለነበርክ ይመስለኛል። ይሄንን ያኔ ብነግርህ ደስ ይልህ ነበር፤ እኔ ግን ማሾፍ ነበር የሚቀናኝ።

ልጆቹን በምትመዘግብበት ደብተርህ ውስጥ ሁሉም በአማርኛ ስም ወጥቶላቸው ነበር። ረጅሙ ዋርካው፣ ፀጉረ ቀዩ በርበሬ። እሁድ አሌክሳንድሪያ ቤተ ክርስቲያናችን አምልኮው ሳያልቅ አንተ ሰዓትህን ታያለህ፤ ቡራኬው እንዳለቀ ወደ ደቡብ ግማሽ ሰዓት ነድተን ልጆቹ የሚጫወቱባት ትንሿ ሜዳ እንደርሳለን። አንተ በሱፍ፣ እኔ በሀበሻ ቀሚስ። ሰው ኦቾሎኒውን ይፈለፍላል፣ እኛ ዳቦ ቆሏችንን እንቆረጥማለን። የምጠብሰው እኔ፣ የማጉረመርመውም እኔ።

በርበሬ የተሰናበተ ዕለት ትዝ ይልሃል? ሥራ አስፈቅደህ ሜዳው ድረስ ነዳህ፤ ልጁ ሻንጣውን መኪናው ላይ ሲጭን ደረስክበት። እጁን ጨበጥከው፣ ዳቦ ቆሎ ሰጠኸው፣ ጭንቅላቱ ላይ እጅህን ጭነህ በአማርኛ ጸለይክለት። ልጁ ምን እንደሆነ የገባው አይመስለኝም፤ ግን አንገቱን ደፍቶ ቆመልህ አልከኝ። ቤት መጥተህ ኮትህን ሳታወልቅ እስኪመሽ ወንበርህ ላይ ተቀመጥክ። ከዚያ "ሰው ሲባረር ቢያንስ አንድ ሰው ደህና ሁን ሊለው ይገባል" አልክ። እኔም ስታዝን አብሬህ መቀመጥ ሰልችቶኝ ወደ ማጀት ገባሁ።

ቀጥሎ ራፋኤል መጣ። ከዶሚኒካን የመጣ፣ በግራ እጁ የሚወረውር፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ። ለእሱ ግን የአማርኛ ስም አላወጣህለትም፤ "ስሙ የኛ ነው" ብለህ ተውከው። በአጥሩ ቀዳዳ ዳቦ ቆሎ ሰጠኸው፤ ቆርጥሞ ሳቀና እንደገና እጁን ዘረጋ። የሁለታችሁም እንግሊዝኛ ስብርብር ስለነበረ በደንብ ተግባባችሁ። እናቱ ስሙን በሬዲዮ የምትሰማበትን ቀን እንደምትጠብቅ ነገረህ። አንተም እጅህን ደረትህ ላይ አድርገህ እስኪደርስ ድረስ እንደምትጸልይለት ቃል ገባህለት።

ቃልህንም ጠበቅክ። ለቅዳሜ ጠዋት ጸሎት እህት ብርቄ በምትይዘው ጥቁር ደብተር ላይ አስመዘገብከው፤ በግራው ገጽ፣ የሚጸለይላቸው ከሚጻፉበት፣ "ራፋኤል፣ ለእድገት" ተብሎ ተጻፈ። ጉባኤው የጋራዥ ባልደረባህ መሰለው። ሽማግሌዎቹ ጌታ ሆይ ሱፐርቫይዘር አድርገው እያሉ ሲጸልዩ እኔና አንተ ዓይን ለዓይን ላለመተያየት መሬት መሬት እናይ ነበር። ላርማቸው ስልህ "ተዪው፣ ጌታ የቱ ራፋኤል እንደሆነ አይጠፋውም" አልከኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ እስክንደርስ ሳቅን።

አሁን ወደዚያች ጠዋት ልምጣ። ስኳሩ ዓይንህን ካደከመው ወዲህ ማን አደገ፣ ማን ተሰናበተ የሚለውን ዝርዝር በየጠዋቱ ከኮምፒውተር የማነብልህ እኔ ነበርኩ። ከሆስፒታል ከወጣህ ሦስተኛ ቀንህ ነበር። ሐኪሙ ልቡ ደክሟል፣ እንዳይደነግጥ ብሎኛል። አንተ ወንበርህ ላይ፣ ያንን ወፍራም እስክሪብቶ ይዘህ፣ ደብተርህን ጉልበትህ ላይ ዘርግተህ ትጠብቃለህ። ከራፋኤል ስም አጠገብ ያለውን አየሁት። ተሰናብቷል ይላል።

ደብል ኤ ገባ አልኩህ።

ለልብህ ብዬ ነው ስል ኖሬያለሁ። ለበሽተኛ ክፉ አይወራም እየተባለ ያደግን ሰዎች ነን። ግን እናትህ አርፈው ሰባት ወር ደብቀንህ፣ መርዶውን በሰማህ ቀን ያስማልከኝ አንተ አይደለህም? "ከእንግዲህ ምንም ነገር እንዳትደብቂኝ" አልከኝ፣ ማልኩልህ። ደግሞ ሁሉንም ልናገር ካልኩ፣ ያን ጠዋት ያሰብኩት ልብህን ብቻ አልነበረም። ወደ ሥራ የሚወስደኝ አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ነበር። እውነቱን ብነግርህ ጫማ አምጪልኝ፣ ውሰጂኝ ትላለህ፤ ብከለክልህ ከወንበርህ አትነሳም፤ እኔ ደግሞ አብሬህ መቀመጥ አለብኝ። ደክሞኝ ነበር። አንዲት ቃል ተናግሬ ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ልጁ ያኔ የአንድ ሰዓት ርቀት ላይ ሻንጣውን እያሰረ ነበር፤ ደህና ሁን የሚለውን አንዱን ሰው እኔ ቤት ውስጥ አስቀረሁበት።

ነገሩ እዚያው የሚቀር መስሎኝ ነበር። እሁድ ትከሻዬን ተደግፈህ ተነሳህና ማይኩን ተቀበልክ። እኔ ስለ ጤንነትህ የምትመሰክር መስሎኝ ነበር። አንተ ግን የራስህን ነገር ረስተህ "የጸለያችሁለት ራፋኤል አደገ፣ ጌታ ይመስገን" አልክ። ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። እህት ብርቄ እዚያው ደብተሯን ገልጣ ስሙን ወደ ቀኙ ገጽ፣ ጸሎታቸው የተመለሰላቸው ወደሚጻፉበት፣ አዛወረችና "ተመልሷል" ብላ ጻፈችበት። እኔም እልል አልኩ፣ ታዴ። ምን ላድርግ፣ ሚስትህ ነኝ፣ ሰው ሁሉ ያየኛል። አጨበጨብኩም።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔ እያደር ከበደ። ራፋኤል ዛሬ እንዴት ዋለ ስትለኝ የምመልሰው ሊኖረኝ ይገባል። ስለ ኳስ የማላውቀው ሴት የስፖርት ጋዜጠኛ ሆኜ አረፍኩት። ስድስት ዙር፣ ስድስት ኢኒንግ ወረወረ፣ ሁለት ነጥብ ብቻ ገባበት እላለሁ፤ አንተ በእስክሪብቶህ ትጽፋለህ። ሁልጊዜ ካሸነፈ እንዳትጠረጥር አንዳንዴ ተሸነፈ እልሃለሁ፤ ያን ቀን ታዝናለህ፣ እኔም ዋሽቼ ስላሳዘንኩህ ሁለት ጊዜ አፍራለሁ። በሚቀጥለው ዓመት የደብል ኤው ቡድን ያለበት ፔንሲልቬንያ ድረስ ነድተን እናየዋለን አልክ። እሺ አልኩህ። ለመንገዱ ዳቦ ቆሎ በርከት አድርጊ አልክ። እሺ አልኩህ።

ጥር ላይ ሄድክ። የቀብርህ ቀን አንዱ ሽማግሌ ስለ አንተ ሲናገር ያንን ምስክርነት አነሳ። ራሱ ታሞ ለሌላው እድገት የሚያመሰግን ሰው ነበር አለ። ሰው አለቀሰ። እኔም ያለቀስኩት ለአንተ ብቻ አልነበረም።

አራት ዓመት ይዤው ኖርኩ። ከሁለት ሳምንት በፊት ሳሮን ደብተርህን አውጥታ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ማየት ጀመረች፤ ለአንተ መታሰቢያ ልታሠራበት አስባ ነው። ከሰኔ በኋላ ያሉት አልገጠሙላትም። "እማዬ፣ ዳዲ የጻፈው ጌም የለም እኮ፣ ሰርች አድርጌ አጣሁት" አለችኝ። ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፤ ስድስት ኢኒንግ የሚለውን ከየት አመጣሁት ብላ። ከዚያ ሳቋ ቆመና "እማዬ፣ ዳዲ እኮ ቸርች ቆሞ ቴስቲፋይ አድርጓል" አለች። ያን ቀን በአማርኛም አልተናደደችም፣ ብትናደድ ይሻለኝ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ አሌክሳንድሪያ ሄድኩ። ከጸሎቱ በኋላ እህት ብርቄን ለብቻዋ ይዤ ደብተሩን እንድታወጣው ለመንኳት። መነጽሯን አድርጋ ፈለገችው፤ በቀኙ ገጽ አለ። ራፋኤል አላደገም፣ ያኔ ተባሮ ነበር፣ ታደሰ አያውቅም፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ አልኳት። ያንተ ስም እንዳይጎድፍ ይሄንን ሁለት ጊዜ ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ደብተሩ ላይ እንዳቀረቀረች "ታዲያ ይሄ ልጅ ሥራውን ካጣ ጀምሮ አራት ዓመት ማንም አልጸለየለትም?" አለችኝ።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በደሌ አንተን መዋሸቴ ይመስለኝ ነበር። ልጁ ጸሎት በሚያስፈልገው ቀን የአንድ ጉባኤ ጸሎት ያስቆምኩበት እኔ ነኝ። አንተም ብትሆን ደብል ኤ ገብቷል ብለህ ነው የጸለይክለት፤ ክንዱን እንዲጠብቅለት። እሱ ክንዱን ምን ሊያደርገው? እንጀራ ፍለጋ በየትኛው ከተማ እንደተንከራተተ፣ ለእናቱ ምን ብሎ እንደነገራት አላውቅም።

እህት ብርቄ ስሙን በግራው ገጽ እንደገና ጻፈችልኝ። ለምን እንጸልይለት ስትለኝ ለእድገት ማለት አቃተኝ፤ ባለበት ደህና እንዲሆን ብለሽ ጻፊ አልኳት። ነገ እሁድ ማይኩን እይዛለሁ። አንተ በቆምክበት ቆሜ ምስክርነትህን አርማለሁ፤ አንተ የሰማኸውን እንደተናገርክ፣ የሰማኸው ግን ከኔ እንደሆነ እነግራቸዋለሁ። ይቅር በለኝ ልልህ ነበር፤ አንተ ግን መጀመሪያ ልጁን ጠይቂው ትለኛለህ፣ ጠባይህን አውቃለሁ።

ሳሮን የውሸቶቹን ገጾች እንቅደዳቸው ብላ ነበር፣ አልፈቀድኩም። በእጅህ የተጻፈ ነገር አይቀደድም። ከመጨረሻው መስመር ሥር በዚያው በወፍራሙ እስክሪብቶህ "ራፋኤል ተሰናብቷል" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ አዲስ ገጽ ከፈትኩ። እስካለሁ ድረስ በየጠዋቱ ላነብልህ ቃል ገብቻለሁ፣ ያደጉትንም የተሰናበቱትንም፤ አንተን ባሰብኩ ቁጥርም ራፋኤልን በስሙ እጠራዋለሁ።

ዛሬ ሁለት ልጆች ተሰናብተዋል። ስማቸውን ከወንበርህ ፊት ጮክ ብዬ አነበብኩና እንደ አንተ ደህና ሁኑ አልኳቸው። ከዚያ ቦርሳዬን ሳላነሳ ትንሽ ተቀመጥኩ። አውቶቡሱ በመስኮቱ ሥር ሲያልፍ አየሁት።

ባለቤትህ ዘነበች