የሁሉንም መታሰቢያ እንጨት ጣራ ላይ ያኖሩት አቶ ምንይሉ ሸዋንዳኝ

አቶ ምንይሉ ሸዋንዳኝ ከአባታቸው ከአቶ ሸዋንዳኝ ትዕዛዙ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ በዛወርቅ መኮንን በ1954 ዓ.ም. በመንዝ፣ ዘመሮ አካባቢ ተወለዱ። መሐል ሜዳ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው፣ ደብረ ብርሃን አናጢነት ከለመዱ በኋላ በ1977 ዓ.ም. ወደ መሐል ሜዳ ተመልሰው የራሳቸውን የእንጨት ሥራ ቤት ከፈቱ።

በ1984 ዓ.ም. ከወይዘሮ ጥሩሸዋ መልከ ጼዴቅ ጋር በሥርዓተ ቁርባን ተጋብተው መኳንንትን፣ ጽናትንና ሳሌምን ወለዱ። የበኩር ልጃቸው መኳንንት በ2009 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ሲለያቸው ሐዘኑ አጎበጣቸው። ከዚያ ወዲህ ሲስቁ ያየናቸው ከስንት አንዴ ነው።

አቶ ምንይሉ እንጨት ማባከን አይወዱም ነበር። ረጃጅሙ ወደ ውስጥ፣ አጫጭሩ ወደ በሩ በየልኩ ተደርድሮ ይቆማል። ከቁራጩ ሳይፈልግ ሙሉ እንጨት ላይ መጋዝ ያሳረፈ ሠራተኛ ካለ የቁጣቸው ነገር አይነሣ።

በ2015 ዓ.ም. ነፋስ የአጥቢያችንን ቤተ ክርስቲያን ጣራ ሲገነጥለው፣ ምእመኑ በየሟች ዘመዱ ስም ከየጓሮው እንጨት እየቆረጠ አመጣ። አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር ሆነ። አጭሩ ለማገዶ ይሸጥ የሚል ሐሳብ ቢነሣ፣ አቶ ምንይሉ የሰው መታሰቢያ እሳት አይገባም ብለው ሁሉንም ተረከቡ። በእያንዳንዱ ላይ የሟቹን የክርስትና ስም ጻፉበት። ሁሉንም ለክተው ቦታ ቦታውን ሳይወስኑለት አንድም አልቆረጡም። ወይዘሮ አልጣሽ በባለቤታቸው ስም ያመጡት ጽድ ቢያጥር፣ ከሌላ ጋር አጋጥመው ሰቀሉላቸው።

በዚህ መካከል ጉበታቸውን ታመሙ። ሐኪም ዛሬ ነገ ሳይሉ አዲስ አበባ እንዲሄዱ ቢያዝዛቸውም መጀመሪያ ጣራው ይለቅ አሉ። ለመንናቸው፣ ተቆጣናቸው፣ ወይዘሮ ጥሩሸዋ አለቀሱ፤ እምቢ አሉ። ለሰው መታሰቢያ የተጨነቁትን ያህል ለራሳቸው ቢጨነቁልን ኖሮ ዛሬ እዚህ ባልቆምን ነበር። ይህን ሳንናገር ብንቀር አንጀታችን አይችለውም።

አቶ ምንይሉ ጥር 23 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ63 ዓመታቸው ዐረፉ። ከጣራው የቀረው አንድ ማገር ነው። ለእሱ የሚሆን እንጨት ሲፈለግ፣ ሥራ ቤታቸው ውስጥ አንድ ሙሉ ጽድ ቆሞ ተገኘ፤ የመኳንንት የክርስትና ስም ተጽፎበታል። ለክተውታል፤ የሚቆረጥበት ላይም ምልክት አድርገው፣ በደበዘዘ ቁጥር ደጋግመው አድሰውታል። መጋዝ ግን አላሳረፉበትም። የልጃቸው ነውና እጃቸው እምቢ ብሏቸዋል።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ ጥሩሸዋንና ሁለት ሴት ልጆቻቸውን ትተውልን ሄደዋል። ወይዘሮ ጥሩሸዋ እንጨቱ እንዲቆረጥ ዛሬ ጠዋት ፈቅደዋል። ከቀብር ተመልሰው ቤታቸው እስኪገቡ ድረስ ግን በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ መጋዝ እንዳይነሣ አናጢዎቹን አደራ ብለዋል፤ ድምፁን መስማት አይችሉም።

እግዚአብሔር አቶ ምንይሉን ከልጃቸው ጋር በአንድ ቦታ ያሳርፍልን። አሜን።