ድንች የተቀቀለበት ውሃ

ለእህቴ፣ ለማሙሽ እናት፤

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጡትሽስ ቁስሉ ደረቀልሽ? ማሙሽ እንቅልፍ ሰጠሽ ወይስ አሁንም እንደ ዘበኛ ቆመሽ ታድሪያለሽ? የባለቤትሽ ሳልስ ተወው? እኛ ደህና ነን ብዬ ብቀጥል ደስ ባለኝ፤ የደብዳቤ ወጉ እሱ ነውና። ግን አንቺን ዋሽቼ የት እደርሳለሁ።

በቅድሚያ ለሌላ ሰው የማላወራትን ኀፍረቴን ልንገርሽ። ከመጽሔቱ ቢሮ ማዶ ያለችውን አትክልት ሻጭ ታውቂያታለሽ፤ ዓምዴን አንድም ሳታስቀር የምታነበው፣ «የጤናዋ እመቤት» እያለች የምትጠራኝ። ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ቅዳሜ ስሄድ እንደ ልማዷ ሙዙን፣ ቲማቲሙን፣ ጎመኑን፣ ያልተፈተገውን ሩዝ መርጣ አስቀምጣልኛለች። እኔ ደግሞ ጠጋ ብዬ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ነጭ ሩዝና ነጭ ዳቦ፣ ትንሽ ድንችም ጨምሪልኝ አልኳት። ወደ ተሰለፈው ሰው ዞረችና፣ «ስሙልኝ እንግዲህ፤ እኛን ገለባ አስለምዳን እሷ ፍትጉን ትወስዳለች» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። እንግዳ መጥቶብኝ ነው ብዬ ድንቼን ታቅፌ ወጣሁ።

ውሸትም አይደል። የመጣብን ነገር አልሄድም ያለ እንግዳ ነው።

በስልክ ግማሹን ነግሬሻለሁ፤ ግማሹን እማዬ አጠገቤ ስለነበረች ውጬዋለሁ። ኩላሊቶቿ ከመድከም አልፈዋል። ሐኪሙ እንዳለው ያለው መንገድ ወይ የማሽን እጥበት ነው ወይ የሰው ኩላሊት። እስከዚያው በምግብ እንያዛት ብሎ ወደ ሆስፒታሉ የምግብ ባለሙያ መራን። እኔም የዓምዴን ኩራት ለብሼ ገባሁልሽ። ስለ ምግብ እንኳ ብዙም አትቸገሪብን፣ እንጀራዬ ነው አልኳት። ልጅቷ ትሑት ናት፤ እስክጨርስ ጠበቀችኝና ቀስ ብላ አስረዳችን። በሙዝ፣ በቲማቲም፣ በጎመን፣ በባቄላ፣ ባልተፈተገ እህል ውስጥ ያለው ፖታሲየም ለጤነኛ ሰው ልብ ወዳጅ ነው፤ ኩላሊት ሲደክም ግን መውጫ አጥቶ ደም ውስጥ ይጠራቀማል፣ ሲበዛም ልብን ያቆማል አለች። ድንቹን ልጣጩን አንስተሽ፣ ቀጫጭን አድርገሽ ከትፈሽ፣ በብዙ ውሃ ቀቅለሽ ውሃውን ድፊው፤ ከዚያ በአዲስ ውሃ እንደገና ቀቅይው። ጎመንም ካማራት ጥቂቱን እንደዚያው አለችኝ።

እኔ እኮ ስንት ዓመት ሙሉ «ውሃውን አትድፉ፣ በረከቱ ያለው ውሃው ውስጥ ነው» ስል የኖርኩ ሴት ነኝ። እንደ ተከሳሽ ሆኜ፣ ነጭ ሽንኩርትስ አልኳት። ሳቀች። ነጭ ሽንኩርቱም፣ ቁንዶ በርበሬውም፣ ቀረፋውም፣ ቆንጠር ያለ ዝንጅብልም በልኩ ይቻላል፤ ጨው ስለምትቀንሱ አፏን ያጣፍጡላታል አለች። ከዚያ ዓይኔን አይታ፣ «ጣዕም ይሰጣሉ፤ ኩላሊት ግን አይጠግኑም» አለችኝ።

የራስሽን ኩላሊት ለምን አልሰጠሻትም ትዪኝ ይሆናል። ለማንም እንዳትነግሪብኝ፤ ተመርምሬ መልሰውኛል። ደሜ ውስጥ ስኳር ተገኘ። ሰውን በሻይ ላይ ስኳር ትታችሁ ቀረፋ ጨምሩ እያልኩ የማስተምረው እኔ።

እማዬ መጀመሪያ ላይ ታዛዥ ነበረች። ቀልዷን ታውቂው የለ፤ የልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ እንደተቀመጠች ሳህኑን ትቀበለኝና ይሄ ድንች ምን በድሎ ነው ሁለቴ የሚቀቀለው ትለኛለች። አንድ ቀን ደግሞ ቀምሳ፣ ታጥቦ የተሰጣ ጨርቅ አበላሽኝ አለች። ቢሆንም ትበላዋለች። የደሟ የፖታሲየም ውጤትም ወረደ። ሐኪሙ ፊቱ ሲፈታ ሳይ በደረጃው ላይ ሩጪ ሩጪ አለኝ።

ከዚያ አንቺ ደወልሽ። አንዱን ኩላሊቴን እኔ እሰጣታለሁ፣ ማሙሽን ጡት እንዳስጣልኩት ምርመራውን እጀምራለሁ አልሽኝ። ደስታው አፌን አላስዘጋኝም፤ ስልኩን ሳስቀምጥ እዚያው ነገርኳት። መርፌ ላይ ክር እያስገባች ነበር። ቀና ሳትል፣ «እያጠባች?» አለች። ሐኪሞቹ እስክትጨርስ ይጠብቃሉ አልኳት። ክሩን አስገባች፣ ቋጠረችው። ከዚያ ሳቅ ብላ፣ «እኔ ለአሮጌ ቀሚስ ብዬ ከአዲስ ልብስ ላይ ጨርቅ ቆርጬ አላውቅም» አለችኝ። የሙያዋን ቀልድ ነው ያልኩት።

ከዚያ ወዲህ የደሟ ውጤት ሽቅብ ሆነ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ላቦራቶሪውን ነው፤ ቀጥሎ ዳቦ ጋጋሪውን፤ ቀጥሎ የራሴን እጅ። ድንቹን በጣም ቀጭን አድርጌ ከመክተፌ የተነሣ ሲበስል ይጠፋ ጀመር።

አንድ ቀን መነጽሬን ረስቼ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ተመለስኩ። የዕቃ ማጠቢያው ቱቦ ፕላስቲክ ስለሆነ የፈላ ውሃ አልደፋበትም፤ ጎመኑና ድንቹ የተቀቀለበትን ውሃ በድስቱ እንዳለ እስኪበርድ ትቼው ነው የምወጣው። እማዬን ማድ ቤት ቆማ አገኘኋት። ያንን ውሃ በሻይ ማጥለያ እያጠለለች በትልቁ ብርጭቆ ቀድታ ትጠጣለች። ቀስ እያለች፣ እንደ መድኃኒት። ድስቱ ሊያልቅ ምንም አልቀረው።

መጀመሪያ የመጣብኝ ዓምዴ ነው። የቁም ሳጥኑን በር ታስታውሺው እንደሆን፣ ከውስጥ በኩል ጽሑፎቼን እየቆረጠች በመርፌ ቁልፍ ትሰካቸዋለች። ስለ ውሃው የጻፍኩት ከላይ ነው ያለው። ሮጬ ነቅዬ ቀደድኩት። እያለቀስኩ፣ ይሄ ለአንቺ አይደለም፣ ይሄ ለጤነኛ ነው የጻፍኩት እላታለሁ። እሷ ብርጭቆዋን አስቀመጠች፣ ጎንበስ ብላ ቁራጮቹን ከወለል ለቀመች።

«ጽሑፍሽን ምን በድሎሽ ትቀድጂዋለሽ» አለች። «ልጅቷ የነገረችንን አልረሳሁም። ፖታሲየም ነው ያለችው አይደል?»

አንዲት ፊደል አልሳተችም። ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። እሷ ቁራጮቹን እየገጣጠመች፣ ሥራ እንዳይረፍድብሽ ሂጂ አለችኝ።

ውሃውን መጠጣቷን ለሐኪሙ ነገርኩት። አስገብቶ ሲጠይቃት ምን ብትል ጥሩ ነው? የልጄን ዓምድ አንብቤ ተሳስቼ ነው፣ ውሃው ለጤና ጥሩ ነው ብላ ጽፋ ነበር አለችው፤ ምስኪን መስላ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ። ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ እኔን አየኝ። ምን ልበል? እዚያ ክፍል ውስጥ እውነቱን የምናውቅ እኔና እሷ ነበርን፤ እሷ ደግሞ በዓይኗ ለምናኛለች።

አሁን ውሃውን እንደፈላ ነው የምደፋው፤ ቱቦው ተጣሞ ከሥሩ ያንጠባጥባል፣ ከታች ባልዲ አድርጌበታለሁ። እሱ ግን ምን ይጠቅማል። ስልክሽ ሲመጣ እየሳቀች ታወራሻለች፤ የማሙሽን ጥርስ ትጠይቅሻለች፣ ድምፁን አሰሚኝ ትልሻለች። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ነጠላዋን ጣል አድርጋ፣ ትንሽ ነፋስ ልቀበል ብላ ትወጣለች። ስትመለስ ሙዝ ሙዝ ትሸታለች። ትልቅ ሰው አይቆለፍበትም፣ እህቴ። ተንበርክኬ ለምኛታለሁ። ጸጉሬን ዳብሳ፣ አንቺ ደግሞ ስኳርሽን ተጠንቀቂ አለችኝ። ለካ ያንንም አውቃለች።

ለማሙሽ ሸሚዝ እየሰፋች ነው። አንድ አይደለም፤ አንዱ ከሌላው ሰፋ፣ ረዘም ያለ ነው። የመጨረሻው ተማሪ ቤት ሲገባ እንኳ የሚሰፋው ይመስለኛል። ለምን ትቸኩያለሽ፣ ሲያድግ ትሰፊለት የለም ወይ ስላት፣ ጨርቁ እያለ ልጨርሰው ብዬ ነው አለች።

ይህን ስጽፍም ከወዲያኛው ክፍል ሆና መልእክት ታቀብለኛለች። ተሽሏታል በያት፣ ነጭ ሽንኩርቱ ተስማምቷታል በያት፣ ልጇን ለማንም ጥላ ወዴትም እንዳትሄድ በያት ትለኛለች። እንግዲህ ብላሻለች። አደራዋን አድርሻለሁ።

እኔስ ምን ልበልሽ? ነይ ብልሽ እሷን ፈራሁ፤ ቅሪ ብልሽ ራሴን። መጽሔቱ ለሚቀጥለው እትም ስለ ሙዝ ጥቅም ጻፊ ብሎኛል፤ ሰው ሁሉ ከእኔ መልስ ይጠብቃል፣ እኔ ግን ከብዕሬ የሚወጣ ነገር አጥቻለሁ። ነገ ጠዋት ደሟን ይወስዳሉ። ውጤቱ ወጣም ወረደ፣ ሐኪሙ ያለውን፣ እሷ የመለሰችለትን፣ ፊቷ የመሰለውን ሳልቀንስ እዚያው ሆኜ እጽፍልሻለሁ።

ማሙሽን ያሳድግልሽ፤ የወለድሽው ይባረክ፤ ጤናሽን ሙሉ ያድርግልሽ። ባለቤትሽን ሳሚልኝ። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፤ እንዳትቀየሚኝ። የነገውን እስክጽፍልሽ ድረስ ወደ ቤት አትደውዪ። ድምፅሽን በሰማች ቁጥር ይጠማታል።

ታላቅ እህትሽ