ዣንጥላ የተሳልሁለት እግር

ማንኩሳ፣ ጥር 22 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለምሳሳልሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ፣ ትምህርትሽ እንዴት ነው? ጅማስ እንዴት ይዞሻል? እናትሽ ደህና ናት፤ ዛሬም ከእኔ ጋር ስትጣላ ነው የዋለችው፤ ከዚህ የበለጠ የጤና ምልክት አላውቅባትም። እኔም ቁጭ ብዬ ልጽፍልሽ በቅቻለሁ፣ ለአምላክ ምስጋና ይድረሰው። ፈተናሽን እስክትጨርሺ ማንም በስልክ እንዳይነግርሽ የከለከልሁት እኔ ነኝ፤ እናትሽን እንዳትቆጪያት።

ታስታውሻለሽ፣ ማኅሌት ቆሜ ባደርሁ ቁጥር እግሬን እንደ እሳት ይለበልበኝ ነበር። ቅዱስ ሚካኤል ይህን ሕመም ቢያርቅልኝ ዣንጥላ ላስገባለት ተሳልሁ። ዓመት ሳይሞላ ሕመሙ ጠፋ። ሌሊቱን ሙሉ ብቆም ምንም የማይሰማኝ ሆንሁ። ዣንጥላውን በእልልታ አስገባን።

አንቺ ስኳር ያለበት ሰው እግሩን መታየት አለበት እያልሽ ስትነዘንዢኝ ፍኖተ ሰላም የሄድሁት አንቺን ዝም ለማሰኘት ነበር። አደይ የምትባል ነርስ ዓይኔን አስጨፍና፣ በዚህ ቀጭን ክር እግርዎን ስነካዎት ይንገሩኝ አለችኝ። ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ። ቢሰለቸኝ፣ ልጄ ጀምሪ እንጂ አልኋት። ጨርሻለሁ አባቴ አለችኝ።

ቀጥላ ከሥሩ ቀለም የተቀባ ላስቲክ ወረቀት ላይ አንጥፋ አስረገጠችኝ። የቀኝ እግሬ ቅርጽ ወረቀቱ ላይ ወጣ፤ ከአውራ ጣቴ ሥር ግን ጥላሸት መስሏል። ክብደትዎ ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ነው፣ ስለማይሰማዎት የሚቆስለውም እዚሁ ነው፣ እቤትም ቢሆን በባዶ እግርዎ እንዳይሄዱ አለችኝ። ቤተ ክርስቲያንስ ብላት፣ ወፍራም ካልሲ አድርገው ይቀመጡ አለች። እኔ መሪጌታው ተቀምጬ ማን ሊቆም ነው?

ለካ ስለት ያስገባሁት ለበሽታዬ ኖሯል። ያን ቀን መንገዱን ሁሉ ከመልአኩ ጋር ስሟገት ገባሁ።

ለኅዳር ሚካኤል እንደ ወትሮዬ ጫማዬን አወለቅሁ፤ ካልሲውንም አወለቅሁት። ወረቡ ደምቆ ሳለ ምንጣፉ ላይ ደም አየሁ። ደም የሚፈሰው ሰው ከውስጥ አይቆምምና፣ የቆሰለ ካለ ይውጣ ብዬ ተቆጣሁ። የሚወጣ ጠፋ። ደግሜ ተቆጣሁ። አጠገቤ የሚቆመው ክንፈሚካኤል ጽናጽሉን አስቀምጦ አንገቱን ደፋ። የሁሉም ዓይን እኔ እግር ላይ ነበር። በቆምሁበት ሁሉ ምንጣፉ ላይ የታተመው ያው የአደይ ወረቀት ላይ ያየሁት ነው። መቋሚያዬን ይዤ ወጣሁ። ልጄ፣ በዚያች ሰዓት ቢያመኝ እንዴት በወደድሁ!

ቁስሉን በማር ስናክም ሰነበትን። ትኩሳቱ ሲጠናብኝ መጀመሪያ ፍኖተ ሰላም፣ ከዚያም ባሕር ዳር ወሰዱኝ። አሁን ትኩሳቱ የለም፤ ሐኪሞቹም ደህና ነህ ብለው ሸኝተውኛል። መሪነቱን ክንፈሚካኤል ይዞታል፣ ድምፁ መልካም ነው። ለጥምቀት በርጩማ ላይ ሆኜ ታቦቱን ሳይ ያ ዣንጥላ በፊቴ አለፈ። አለቀስሁ፤ ሰው ግን በደስታ መስሎታል።

ለፋሲካ ጫማ አመጣልሃለሁ ብለሽ ነበር። አትቸገሪ፣ ያለው ይበቃኛል። ቀኙማ እንደ አዲስ ነው፤ ከእንግዲህም አያረጅም።

አደይ የሰጠችኝን ወረቀት እናትሽ ዳዊቴ ውስጥ አስቀምጣዋለች። ምን ያደርግልሻል፣ ጣይው አልኋት። ከዚያኛው እግርህ የቀረኝ ይኸው ብቻ ነው አለችኝ።

የሄድሽበት ሁሉ ይቅናሽ፤ እግርሽን እንቅፋት አይንካው። ስትመጪ እንደ ዱሮው እስከ መኪናው መንገድ ወርጄ ካልጠበቅሁሽ አትቀየሚኝ።

ሁልጊዜም የሚመርቅሽ
አባትሽ