ያላነበብሁለት መስመር

ሰኞ፣ ኅዳር ፯

ዋሸሁ። አዛናው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ እየሳቀ፣ ደብዳቤውን በእጄ ይዤ ዋሸሁት።

ከምሳ በኋላ ፖስታ መጣ። እንደ ወትሮው ፊደል ያልቆጠሩት ሁሉ ወደ አልጋዬ ተሰበሰቡ። ድቁና የተማርሁ በመሆኔ የጦር ሰፈሩ አንባቢ እኔ ነኝ። የአዛናው አገሩ ከአዲ አርቃይ ወዲያ ነው፤ አልጋችን ጎን ለጎን ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈው። ደብዳቤው ከወንድሙ ነበር፤ የጻፉለት የደብራቸው መሪጌታ ናቸው። ሰላምታውን ጮክ ብዬ አነበብሁ። ቀጥሎ እንዲህ ይላል፦ «አንባቢው ሆይ፣ ከዚህ በታች ያለው ላንተ ብቻ ነው፤ ድምፅህን አታሰማ። እናቱ በጥቅምት ዐርፈዋል። ሽማግሌ ይዛችሁ በወጉ አርዱት።»

ንባቤን አቆምሁ።

«ምነው? ምን ይላል?» አለኝ።

«እናትህ ቀኝ ጉልበታቸውን አሟቸው ነበር፤ አሁን ተሽሏቸዋል ይላል።»

ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። «እሰይ! እሷ እኮ ብረት ናት» አለና ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ ደረት ኪሱ ከተተው።

እራት አልበላሁም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፰

ለአያ ውበቱ ነገርኋቸው። አሥር አለቃ ናቸው፤ ዕድሜያቸውም ከሁላችን ይበልጣል፣ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው። እንዲህ አሉኝ፦

«ሻምበሉ ደባርቅ ናቸው። ሐሙስ ይመለሳሉ። ፈቃድ የሚፈርም ሌላ ሰው የለም። ዛሬ ብናረዳው ሐዘኑን እዚህ ታግቶ ሊያሳልፈው ነው? ደግሞ ነገ የኢላማ ተኩስ አለ። ጠመንጃ ለያዘ ሰው መርዶ አይነገርም።»

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያማ ቻለው።»

ምኑን ልቻለው? ደብዳቤው ኪሱ ውስጥ ነው። ማንበብ የሚችል ሌላ ሰው ቢያገኝ? ቅዳሜ ገበያ የአገሩን ሰው አግኝቶ፣ ያ ሰው በድንገት «እግዜር ያጽናህ» ቢለው? ፊቴስ ቢያጋልጠኝ?

ወደ ማታ መጣና «የጉልበቷን ነገር እስቲ ድገምልኝ» አለኝ። ወረቀቱን ዘርግቼ «ግራ ጉልበታቸውን አሟቸው ነበር…» ስል አቋረጠኝ።

«ትናንት ቀኝ ነበር ያልኸኝ።»

«ቀኝ ነው። ጽሕፈቱ ደቃቅ ሆኖ ነው።»

አየኝ። አጥፎ መልሶ ከተተው።

ረቡዕ፣ ኅዳር ፱

ተኩስ ዋልን። አዛናው ኢላማውን መሀሉን እየመታ ተጨበጨበለት። የእኔ ጥይት የት እንደገባ ፈጣሪ ይወቅ።

ከሰዓት በኋላ መልስ አስጻፈኝ። «እማዬ፣ ለጥምቀት እመጣለሁ። ጤፉን ብቻሽን አትጨጂ፤ ጉልበትሽን አሳርፊ። አቡጀዲ ገዝቼልሻለሁ።» አንድም ቃል ሳልዘል ጻፍሁት። ብዕሩን ጥዬ እጆቼን ብብቴ ውስጥ ስሸጉጥ አይቶ «በርዶሃል?» ብሎ የራሱን ካፖርት ደረበልኝ።

ፖስታ ቤት አደርስልሃለሁ ብዬ ፍራሼ ሥር ደበቅሁት።

ኮላ ድባ ካለችው እናቴም ከመስከረም ወዲህ ወሬ የለም። የራሴን ደብዳቤ የማነበው ራሴ ነኝ። ክፉ መስመር ቢመጣ የሚዘልልኝ ሰው የለኝም። ይህን ከዛሬ በፊት አስቤው አላውቅም።

ሐሙስ፣ ኅዳር ፲

ሻምበሉ ገቡ! ከአያ ውበቱ ጋር ሄድን። አዳምጠው ሲያበቁ ሌላ ሳይጠይቁ የሃያ ቀን ፈቃድ ፈረሙ። ቅዳሜ ጧት ወደ አዲ አርቃይ የሚሄደው ማኪና ላይ እንዲሳፈርም አዘዙ። ከሰኞ ወዲህ ዛሬ ገና ተነፈስሁ።

ብዙም አልቆየልኝ። ከቢሮው ስወጣ አዛናው ደብዳቤውን ይዞ የሻምበሉ ጸሐፊ ዘንድ ቆሟል። ሮጥሁ። የግራና የቀኙ ነገር አላስተኛውም ነበር ለካ። ጸሐፊው ቀና ብሎ እኔን አየ፤ ወረቀቱን እንደገና አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ አጠፈው።

«ታች ያለው ቀለሙ ፈስሷል፣ ወንድሜ። ለእኔ አይነበብም።»

ቀለሙ አልፈሰሰም። አሁን የምናውቅ አራት ሆንን።

ዓርብ፣ ኅዳር ፲፩

ጎህ ሲቀድ አረዳነው። ጠመንጃው ቀድሞ ወጥቶ ነበር። ስምንት ሰዎች አልጋውን ከበን ቆምን። ዓይኑን ገልጦ አያ ውበቱን ነጠላ አዘቅዝቀው ሲያያቸው ምንም ሳይሉት ገባው።

«ማን? እናቴ?»

«ሁላችንም መንገደኞች ነን፣ ልጄ…»

አልጮኸም መጀመሪያ። ወደ እኔ ዞረ።

«ተሽሏታል አልኸኝ! ለሞተች እናቴ ደብዳቤ አስጻፍኸኝ! በሬሳዋ ላይ አሳቅኸኝ!»

አንገቴን አነቀ። አራት ሆነው አላቀቁት። ያኔ ጮኸ፤ ግቢው ሁሉ ሰማው። ቀኑን ሙሉ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ሰፈሩ በየተራ ደረሰው። እኔ በር ላይ ቆሜ ዋልሁ፤ አልገባሁም። አያ ውበቱ «ወጉ ነው፣ ያደረግኸው ልክ ነው» አሉኝ። ልክ መሆኑ ምንም አልቀነሰልኝም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር ፲፪

ማኪናው ሊነሳ ሲል አስጠራኝ። ዓይኑ አብጧል። ደብዳቤውን ሰጠኝ።

«እንደተጻፈው አንብብልኝ። አንድም እንዳታስቀር።»

አነበብሁ። ከመስቀል ወዲህ ታመው መተኛታቸውን፣ ስሙን እየጠሩ ማረፋቸውን፣ ዐርባቸው ሊደርስ መሆኑን።

«ሌላ የቀረ አለ?»

«የለም።»

«ማልልኝ።»

«ዛሬ በተከበረው በሚካኤል።»

ራሱን ነቀነቀ። ወረቀቱን ተቀብሎ ተሳፈረ። አልጨበጠኝም። ግን ማኪናው ሲዞር «ካፖርቴን እንዳታስነካ» ብሎ ጮኸ። ለእኔ ይሁን ለሌላ ሰው እንጃ። አልጋው ላይ አጣጥፌ አስቀምጨዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ፖስታ መጣ። ማንም ወደ አልጋዬ አልመጣም። በመጨረሻ አንዱ ከኮሶዬ የመጣ ወታደር፣ ሞላ፣ ደብዳቤውን ከጀርባው ይዞ መጣ። ቆመ። ሊመለስ ነው ስል ሰጠኝ።

«መጀመሪያ እስከ ታች በዓይንህ ጨርሰው» አለኝ፤ «እኔ ፊትህን ላየው።»

ጨረስሁት። ላማቸው ወልዳለች። ሁሉም ደህና ናቸው። ፊቴን አቀናሁለት፤ እሱ ግን ገና አላመነም፣ አሁንም እያየኝ ነው።