ባለፋይሏ በአካል ቀርባ ትፈርም

ለክቡር አቶ ዘመድኩን
የወጣቶች ማዕከላችን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ በተለይም ለወገብዎ ያለኝን መልካም ምኞት እገልጻለሁ፤ የኮምፒውተር ክፍሉን ቁልፍ ቀኑን ሙሉ በቀበቶ አንጠልጥሎ መዋል ቀላል ሸክም እንዳልሆነ እኛ የሰባተኛ ሰፈር ልጆች በሚገባ እንረዳለን።

እኔ ቅዱስ እባላለሁ። የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ በርበሬ በረንዳ ቅመም የምትሸጠው የእትዬ አበራሽ ልጅ፣ እንዲሁም በማዕከልዎ በሚሰጠው የኢንተርኔት አጠቃቀምና የድረ ገጽ አሠራር ሥልጠና የሁለተኛው ዙር ሠልጣኝ ነኝ። ደብዳቤዬን ለሕዝብ ግልጽ ያደረግሁት፣ ቀደም ሲል በፖስታ አሽጌ ያስገባኋቸው ማመልከቻዎች ከአንዱ በስተቀር ቢሮዎ ተመችቷቸው በዚያው ስለቀሩ ነው። ስለተመለሰው አንዱ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሥልጠናው ጥራት አመሰግናለሁ። ኢንተርኔትን በጥቁር ሰሌዳ መማር እንደሚቻል ከዚህ በፊት አላውቅም ነበር። አሠልጣኛችን ማውሱን በጠመኔ ይስሉልናል፣ ተራው የደረሰው ተማሪ ወጥቶ በጣቱ ይጫነዋል፣ እሳቸውም «ተከፈተ» ይሉናል። እስካሁን አንድም ቀን ኔትወርክ ተቋርጦብን አያውቅም።

ሁለተኛ፣ ለኮምፒውተሮቹ ስለሚያደርጉት እንክብካቤ አመሰግናለሁ። የመጀመሪያው ዙር ሠልጣኞች ሲሠሩባቸው የቆዩት ኮምፒውተሮች፣ እንግዳ መጥቶ ሪባን ቆርጦ እንደሚመርቃቸው ከተሰማ ወዲህ፣ በፕላስቲክ ተጠቅልለው ከላይ ዳንቴል ተደርቦላቸዋል። የእናቴ ቴሌቪዥን እንኳ ዜና ሲደርስ ዳንቴሉ ይነሳለታል።

ሦስተኛው ትንሽ ረዘም ስለሚል ይታገሡኝ። ከመጀመሪያው ዙር ሠልጣኞች አንዷ ታላቅ እህቴ ሰብለ ወንጌል ነበረች። ከማዕከሉ በወጣች ቁጥር ሱቁ ደጃፍ ላይ፣ ከበርበሬው ጆንያ ጎን አስቀምጣ የተማረችውን ታስተምረኝ ነበር። ድረ ገጽ ሲጻፍ እንደ ቅንፍ ያለ ምልክት የከፈተ ሰው መልሶ መዝጋት አለበት፤ ካልዘጋ ገጹ ይዘበራረቃል። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ እረሳለሁ። «የከፈትከውን ዝጋ፣ አንተ! በር የሌለው ቤት ነው እንዴ ያደግከው?» እያለች በእስክሪብቶዋ ጀርባ ጣቴን ትመታኝ ነበር። እርስዎ ጋ ተቀምጣ የእናታችንን ሱቅ ገጽ ጀመረች። ከላይ የሱቁ ስም አለ፣ ከሥሩ ደግሞ እናታችን የበርበሬ ብናኝ አፍንጫዋ ገብቶ ልታስነጥስ ስትል ሰብለ በስልኳ ያነሳቻት ፎቶ። ጥግ ላይ የሰብለ የራሷ ጣት ገብቶ ይታያል። እናታችን ፎቶውን ስልኩ ላይ ስታየው «አንቺ ልጅ፣ ይሄን አፍንጫዬን ለዓለም ልታሳዪው ነው? አጥፊው ብያለሁ!» ብላ ጮኸች። ሰብለ ግን እየሳቀች ገጹ ላይ አስቀመጠችው።

ሰብለ በጥቅምት ታማ ሞተች። ይህን እርስዎም ያውቁታል፤ ቀብሯ ላይ ተገኝተዋል፣ ድንኳናችን ድረስ መጥተው ከአጠገቤ ተቀምጠዋል፣ ንፍሮ ዘግነዋል፣ «እንደ ልጄ ነበረች» ብለውኛል። ስለዚህ የማመሰግንዎት ከልቤ ነው።

አራተኛ፣ አጥፊው ያለችው እናቴ አሁን «ያን ማስነጠሴን አምጣልኝ» ትለኛለች። የሰብለ ስልክ ሆስፒታል ስንመላለስ ስለጠፋ፣ ፎቶው በዓለም ላይ የሚገኘው እርስዎ ክፍል ውስጥ፣ ከዳንቴሉ ሥር ብቻ ነው። ዱባይ ተራ ስልክ የሚጠግነው ጓደኛዬ ሁዛይፋ፣ በፍላሽ ለመገልበጥ የቀዳነው ሻይ እስኪቀዘቅዝ እንኳ አይፈጅም ብሎኛል። ይህንኑ በማመልከቻ ብጠይቅ፣ በግርጌው «ባለፋይሏ በአካል ቀርባ ትፈርም» ብለው ጽፈው ማኅተም መትተው መለሱልኝ። ማኅተሙ በጣም ጥርት ያለ ነው። የተሳሳቱ መስሎኝ ቢሮዎ ስገባም «ልጄ፣ እሱ ሌላ፣ ይሄ ሌላ። ድንኳኑ የመጣሁት እንደ ሰው ነው፤ እዚህ የተቀመጥኩት እንደ ኃላፊ ነው» ብለው አስረዱኝ። ሁለቱን እንዲህ ለይቶ የነገረኝ ባለሥልጣን ከዚህ በፊት ገጥሞኝ ስለማያውቅ ትምህርቱን በደስታ ተቀብያለሁ።

አምስተኛና የመጨረሻው፣ ኮምፒውተሮቹ ለምረቃው እንደ አዲስ እንዲሆኑ ሰኞ ዕለት በውስጣቸው ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ የማዕከሉ ዘበኛ ጋሼ ዱባለ ነግረውኛል። እንግዳው ሪባን ቆርጠው ሲገቡ ባዶ ኮምፒውተር ማየት ደስ እንደሚላቸው አልጠራጠርም። እኔ የምለምነው ከሰኞ በፊት በሩ አንድ ጊዜ እንዲከፈትልኝ ብቻ ነው። ጫማዬን አወልቃለሁ፣ ዳንቴሉንም እንደነበረ መልሼ አለብሳለሁ፤ የከፈትኩትን መዝጋት አሁን ለምጃለሁ። ይህ ደብዳቤ የወጣበትን ገጽ በሁዛይፋ ስልክ ላይ የሠራሁት ራሴ ነኝ። አንድም ሳይዘጋ የቀረ ምልክት የለበትም። ከደብዳቤው በላይ ለአንድ ፎቶ የሚሆን ቦታ ትቻለሁ።

የዳንቴልዎን ንጣት፣ የቁልፍዎን ብዛትና የማኅተምዎን ጥራት ዘወትር በአድናቆት የምከታተል፣ በጠመኔ ኢንተርኔት የሠለጠንኩ ታዛዥዎ፣

ቅዱስ፣ ከሰባተኛ

ማሳሰቢያ፦ የእህቴ ፊርማ የግድ ነው የሚባል ከሆነ፣ እሷ መምጣት ስለማትችል እርስዎ ይሂዱላት። መንገዱን ያውቁታል፤ በቀብሯ ዕለት እንደ ሰው የመጡት በማዕከሉ መኪና ነበርና ሾፌሩም አይጠፋውም። እስክሪብቶ ግን ይዘው ይሂዱ፤ የእሷ እኔ ጋ ነው።