ከሰማያዊው ውጡ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ከቡድኑ ታገድኩ። እስኪወሰን ድረስ ነው አሉ።

ጠዋት ሱቅ ከፈትኩ። ሁለት ሱሪ አሳጠርኩ፣ የአንድ ኮት ገበር ቀየርኩ። ከሰዓት ደንበኛ አልነበረም። የስፌት መኪናዋን ዘይት ቀባኋት... እጄ ሥራ እንዳይፈታ ነው እንጂ እሷስ አላስፈለጋትም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

እንደሆነው ልጻፈው።

እሑድ ከሰዓት ዐሥራችንም ጌሙ ውስጥ ገባን። በኢንተርኔት አራት ዓመት አብረን የተጫወትን ሰዎች ነን፤ ከአለቃችን ከሻምበል በቀር የአንዳቸውንም ፊት አላውቅም፣ እሱንም በፎቶ ነው። እኔ የቡድኑ ሐኪም ነኝ፣ የቆሰለውን አድናለሁ። ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ "ጋሼ መርፌ" ይሉኛል። የገጠምነው የረግረጓን እመቤት ነበር። ሣሩ ላይ መርዝ ትተፋለች፤ መርዙ ክብ ሠርቶ ይሰፋል፤ የረገጠው ይሞታል። ክቡ ቀይ፣ ሣሩ አረንጓዴ። ለሰው ሁሉ ግልጽ ነው።

ለእኔ ሁለቱም አንድ ናቸው። ከተወለድኩ ጀምሮ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ቀድሜ የምሞተው እኔ ነበርኩ። "ሐኪሙ ተኛ" ይሉና ይስቃሉ። አብሬ እስቅ ነበር። አምና አንድ አድኦን ጫንኩ፤ ከጌሙ ጋር አብሮ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ሥራው ያንን ቀይ ክብ በእኔ ስክሪን ላይ ሰማያዊ ማድረግ ብቻ። ከዚያ ወዲህ ክቡን ረግጬ አላውቅም። "ጋሼ፣ ምን በልተህ ነው?" ማለት ጀመሩ። ደስ ይለኝ ነበር...

ማይክ ላይ ብዙ አልናገርም። እሑድ ግን ክቡ ሲሰፋ አየሁና ጮህኩ፦ "ከሰማያዊው ውጡ!"

በእነሱ ስክሪን ሰማያዊ ሐይቁ ብቻ ነው። ሐይቁ ደግሞ መርዝ የማይደርስበት ቦታ። ዘጠኙም ቃሌን ሰምተው ከውኃው ወጡና መርዙ ላይ ቆሙ።

ሳልሞት የቀረሁት እኔ ብቻ።

"የምን ሰማያዊ?" አለ ሻምበል። "ጋሼ፣ ምንድን ነው የምታየው?"

አድኦን ነው አልኩ። ለምን እንደጫንኩት አልተናገርኩም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ባለቤቴ፦ "የዓይንህን ነገር ንገራቸውና ተገላገል።"

አልነግርም። "ምስኪን" ብለው እንዲመልሱኝ?

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ሻምበል ደወለ። ሲፈልግ ለስላሳ ነው።

"አጥፋውና ይቅርታ በል፣ ጋሼ። በዚያው ይቀራል።"

"የጌሙ ባለቤቶች ከልክለውታል?"

"አልከለከሉም። የእኛ ደንብ ነው። ያለ አድኦን፣ በባዶ እጅ እንጫወታለን ብለናል፣ በባዶ እጅ ነው።"

"አንተ መነጽርህን አውልቀህ ነው የምትጫወተው?" ፎቶው ላይ አይቼዋለሁ፣ የጠርሙስ ቂጥ የሚያህል።

"መነጽር ሌላ ነው።"

"በምን?"

"ያለሱ አላይማ!" ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር... ዋጥኩት። እሱ መነጽሩን ሲሰካ ማንን አስፈቀደ? እኔ ለምን?

"አላጠፋም" አልኩት።

"እንግዲያው ድምፅ ይሰጥበታል። የእሑድ ሳምንት።"

"ይሰጥበት።"

እሑድ፣ ጥቅምት 10

ያለ እኔ ተጫወቱ። ማሸነፍ አለማሸነፋቸውን አላየሁም። ሁለት ጊዜ ልየው ብዬ ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት።

ማጭበርበር ነው ወይ? ጨርቅ እንደሚገለበጥ ገልብጬ አየሁት። ደንቡን አውቅ ነበር፣ አልክድም። ደንቡ ሲወጣ ግን ቀይ ይታይሃል ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። አድኦኑ ከማንም አላስበለጠኝም። እነሱ ሲወለዱ በነጻ ያገኙትን ነው ያመጣልኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

አንዲት ደንበኛዬ ጉርድ ቀሚስ አመጣች፣ እንዲጠብላት።

"ክሩ ይመሳሰላል ወይ?"

"ይመሳሰላል።"

ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የመረጥኩት። መደርደሪያው ላይ ባለው ክር ሁሉ ባለቤቴ ቀለሙን ጽፋ ለጥፋበታለች። ጽሑፉ ወደ ግድግዳ ይዞራል፣ ደንበኛ እንዳያየው። ሱቁ ከተከፈተ ጀምሮ እንደዚያው ነው።

"የአንተ ዓይን እኮ አይስትም" አለች ሴትየዋ።

ቀኑን ሙሉ ከነከነኝ። ሻምበልን እንደዚያ ተናግሬው... ታዲያ ግድግዳውን የማስነብበው ለምንድን ነው?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ከቡድኑ አንዱ፣ "እንቅልፌ" የምንለው፣ በግል ጻፈልኝ። የልጆች አባት ነው። በሞተ ቁጥር "አሸልቦኝ ነው" ስለሚል ነው ስሙ የወጣለት።

"ጋሼ፣ ለማንም እንዳትነግር። እኔም ያቺን ክብ አላያትም። የፕሮግራሙን ስም ላክልኝ።"

ለካ እንቅልፍ አልነበረም።

ስሙን ላክሁለት። ለማንም አልነግርም። እሑድ እጁን ለማን እንደሚያወጣም አልጠየቅኩትም። እሱን የሚያውቀው እሱ ነው።

ግን ተናደድኩ። በእሱ አይደለም። ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ አንዱ የፈዘዘ መስሎ፣ አንዱ የተኛ መስሎ... ለማን ብለን?

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

ጠዋት ክሮቹን አንድ በአንድ አዞርኳቸው። ጽሑፉ ወደ ደንበኛ።

ባለቤቴ አየች። አንዱ ልጣፍ ለቆ ነበር፣ በጣቷ ተጫነችው።

የጉርዱ ባለቤት ልትወስድ መጣች።

"ምነው፣ መደርደሪያህን ፊደል አስቆጠርከው?"

"ቀይና አረንጓዴ አይለይልኝም፣ እትዬ።"

"ኧረ? ታዲያ ጉርዴን?" መብራቱ ሥር ወስዳ ስፌቱን አገላበጠችው። ብዙ ቆየች። "ምንም አይልም" አለች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ፦ "የልጄን ኮት ሰኞ አመጣዋለሁ።"

ከሰዓት ለቡድኑ ጻፍኩ፣ ለሁሉም፦

"ቀይና አረንጓዴ አይለይልኝም። አድኦኑ ክቡን ያሳየኛል፣ ሌላ የሚሠራው የለም። ይቅርታ የምጠይቀው ዘጠኛችሁንም ከሐይቅ አስወጥቼ ስላስገደልኳችሁ ብቻ ነው። አላጠፋውም። ድምፃችሁን ስጡ።"

እስካሁን የመለሰ የለም። ሁሉም አንብበውታል፣ እንቅልፌም ጭምር።

ድምፁ ከነገ ወዲያ ነው፣ እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። አድኦኑ እንደተጫነ ነው።